ጀበና ሲሰበር በቤታችን የሚሰማው ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ስለ ሃይማኖት ስንነጋገር ብዙ ጊዜ የምናነሣው ትልልቁን ነገር ነው። ስለ ሰማዕታት ጽናት፥ ስለ ቅዱሳን አባቶች ተጋድሎ፥ ስለ አምስቱ አዕማደ ምሥጢር እንማራለን፤ መማራችንም የተገባ ነው። ነገር ግን ከጉባኤ ተነሥተን ወደ ቤታችን ስንገባ የሚጠብቀን የአንበሳ ጕድጓድ ወይም የእቶን እሳት አይደለም። የፈሰሰ ወተት፥ የጠፋ ቁልፍ፥ ያረረ ወጥ፥ መብራት ጠፍቶ ምጣድ ላይ የቀረ እንጀራ ነው የሚጠብቀን። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት መካከል ያሳዩትን እምነት በጉባኤ እያደነቀ፥ ማታ ደግሞ «ወጡ ለምን አረረ?» ብሎ እኅቱን የሚያስለቅስ ወጣት ቢኖር፥ የተማረውን ትምህርት የት እንዳስቀመጠው ሊጠየቅ ይገባል።

በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃቅን ጉዳት እግዚአብሔር በማን ላይ እንደ ተቈጣ የሚነገርበት ምልክት አይደለም። በዚያ ቤት ያለው ፍቅር ምን ያህል እንደ ሆነ የሚታይበት ሰዓት ግን ነው። በዚህ ጽሑፍ በዚሁ ነገር ላይ ጥቂት እንነጋገራለን።

እስቲ የቡና ሰዓት ነው እንበል። አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው ደርሷል፤ ጎረቤትም ተሰብስቧል። ጀበናውን ከእሳት ያነሣችው ልጅ እጇን ሲፈጃት ለቀቀችው። ጀበናው ከአንገቱ ተሰበረ፥ ቡናውም በቄጠማው ላይ ፈሰሰ። በዚህ ጊዜ የሚሰማው የመጀመሪያው ቃል ምንድን ነው? በአንዱ ቤት «ተቃጠልሽ ወይ?» ይባላል። በሌላው ቤት «ድሮስ ካንቺ ምን ይጠበቃል!» ይባላል። ልጅቱ የቤቱ ልጅ ከሆነች ነገሩ በቁንጥጫና በቁጣ ያልፋል። ከገጠር መጥታ በቤቱ የምታገለግል ልጅ ከሆነች ግን በወሩ መጨረሻ የጀበናው ዋጋ ከደመወዟ ተቀንሶ ይሰጣታል። ጀበናው አንድ ነው፥ እሳቱም አንድ ነው፤ ፍርዱ ግን ሁለት ሆነ።

ዕቃ ሲሰበር «ክፉውን ይዞ ይሂድ» የሚሉ እናቶች አሉ። ተምረናል የምንል ወጣቶች ይህን አባባል እንደ ተራ ልማድ ቈጥረን እንስቅበት ይሆናል። ከመሳቃችን በፊት ግን ቃሉ የሚሠራውን ሥራ እንመልከት። ዕቃው ሄደ፥ ሰዎቹ ግን ደኅና ናቸው ማለት ነው። የደነገጠችውንም ልጅ በአንድ ጊዜ ያሳርፋታል። ሐሳቡ በሥነ መለኮት ሚዛን ምን ያህል እንደሚመዝን መርምሩ ብንባል የምንለው ይኖረናል፤ ይሁን እንጂ የእኒያ እናቶች ልብ ከብዙ ምሁር ልብ ይልቅ ለወንጌል ቀርቦ እናገኘዋለን።

የሚያሳዝነው ሌላው ልማድ ነው። ዕቃ በተሰበረ፥ ላም በታመመች፥ ልጅ በወደቀ ቍጥር «ይህች ልጅ ከመጣች ወዲህ ነው» ይባላል። አዲስ ሙሽራ ገብታ በዚያው ሰሞን አንድ ነገር ቢጠፋ «ገደ ቢስ» የሚል ስም ይወጣላታል። ይህ የክርስቲያን ቃል አይደለም። ደቀ መዛሙርት ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታችን ሁለቱንም አልተቀበለም (ዮሐ. 9፥1-3)። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ዐሥራ ስምንት ሰዎችም ሲናገር፥ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ አስረድቶ፥ ሰሚዎቹን ወደ ራሳቸው ንስሐ መለሳቸው (ሉቃ. 13፥4-5)። ግንብ ስለ ወደቀባቸው ሰዎች እንዲህ ከተባለ፥ ስለ ተሰበረ ብርጭቆ ብሎ ሰውን ገደ ቢስ ማለት ከየት የመጣ ሥልጣን ነው?

ብሉይ ኪዳንም በዚህ ነገር ላይ እኛ ከምናስበው ይልቅ ርኅሩኅ ነው። በኦሪት ዘዳግም አንድ ሰው ከባልንጀራው ጋር እንጨት ሊቈርጥ ወደ ዱር ሲሄድ፥ የምሳሩ ብረት ከእጀታው ወልቆ ባልንጀራውን ቢገድለው ምን እንደሚደረግ ተጽፎአል (ዘዳ. 19፥4-6)። ጠላቱ ካልነበረና ያደረገው ሳያውቅ ከሆነ፥ ገዳዩ እንዲሸሽበትና በሕይወት እንዲኖርበት የመማፀኛ ከተማ ተሰጥቶታል። ስድስት ከተሞች ለዚህ ተለይተው ነበር፤ ሦስቱ ከዮርዳኖስ ማዶ፥ ሦስቱ በከነዓን ምድር (ዘኍ. 35፥14)። የሰው ነፍስ ሲጠፋ እንኳ ሳያውቁ የሠሩት ተወቶ ከሠሩት ተለይቶ ይታያል ማለት ነው። በየቤታችን ግን እጇ ለተንሸራተተባት ልጅ የምትሸሽበት አንድ ጥግ የለም፤ ብዙ ጊዜ መማፀኛዋ ከኵሽና በር በስተኋላ ቆሞ ማልቀስ ነው።

ስለ ምሳር ከተነሣ አይቀር፥ ሁለተኛው ምሳር ከዚህ ይልቅ ደስ የሚል ታሪክ አለው። የነቢያት ልጆች የሚኖሩበት ቦታ ጠበባቸውና ቤት ሊሠሩ ወደ ዮርዳኖስ ወረዱ፤ ነቢዩ ኤልሳዕም አብሮአቸው ሄደ። አንዱ ግንድ ሲቈርጥ የምሳሩ ብረት ወልቆ ውኃ ውስጥ ገባ። ሰውየው ደንግጦ ጮኸ፤ ብረቱ የተዋሰው ነበርና (2ኛ ነገ. 6፥1-7)። ድኻ ሰው ነው፤ በዚያ ዘመን ብረት ቀላል ዕቃ አልነበረም። የሰው ዕቃ አጥፍቶ በባለቤቱ ፊት መቆም ምን እንደሚመስል፥ የተዋሰውን መጽሐፍ ዝናብ ያበላሸበት ተማሪ ያውቀዋል።

ኤልሳዕ ምን አለ? «እጀታውን ሳታጠብቅ ለምን ጀመርህ?» አላለም። «የሰው ዕቃ በጥንቃቄ ነው የሚያዝ» ብሎም አልገሠጸውም። የጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ የት እንደ ወደቀ ጠየቀው። ስፍራውን ባሳየውም ጊዜ እንጨት ቈርጦ ጣለና ብረቱ ተንሳፈፈ። ሰውየው እጁን ዘርግቶ እንዲያነሣውም አዘዘው። አባቶች ይህን እንጨት በመስቀል መስለው፥ በኃጢአት ጥልቅ የሰጠመው የሰው ልጅ በመስቀሉ ወደ ላይ መውጣቱን አስተምረውበታል። ይህ ታላቅ ምሥጢር ነው። ምሥጢሩን ስንማር ግን ታሪኩ ራሱ የአንድ ተራ ሰው ተራ ጭንቀት መሆኑን አንርሳ። ሙት ያስነሣው ነቢይ ለተዋሰው ምሳር የሚጨነቀውን ሰው «ይህም ነገር ሆኖ!» ብሎ አላለፈውም።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ሰውየው ብረቱ የተዋሰው መሆኑን ወዲያው ተናገረ። ቢደብቀው ኖሮ ስፍራውን የሚጠይቀው አይኖርም ነበር። ልጆች የሰበሩትን ከአልጋ ሥር የሚደብቁት እውነት ስለሚጠሉ አይደለም፤ በቤቱ እውነት የምታስከፍለውን ዋጋ ስላዩ ነው። ቍጣ በበዛበት ቤት ውሸት ቢበዛ ሊያስደንቀን አይገባም። ሐዋርያው አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ፥ ጌቶችም ሎሌዎቻቸውን ማስፈራራት እንዲተዉ በአንድ ምዕራፍ ውስጥ የጻፈው (ኤፌ. 6፥4 እና 9) ሁለቱ በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩ ስለ ሆነ ነው።

ገንዘብ ሲጠፋማ ነገሩ ይከፋል። ከሣጥን መቶ ብር ታጣ እንበል፤ ከመፈለግ በፊት ተጠርጣሪ ይፈለጋል። ተጠርጣሪዋም ማን እንደምትሆን ሁላችን እናውቃለን። ሻንጣዋ ይፈተሻል፥ ልብሷ ይራገፋል። በማግሥቱ ብሩ በአባ ወራው ኮት ኪስ ውስጥ ይገኛል፤ ይቅርታ ግን አይገኝም። በሉቃስ ወንጌል ዐሥር ድሪም የነበራት ሴት አንዱ ቢጠፋባት መብራት አበራች፥ ቤቷን ጠረገች፥ እስክታገኘውም ድረስ አጥብቃ ፈለገች (ሉቃ. 15፥8-9)። አንድ ድሪም የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ያህል ነበርና ኀዘኗ የከንቱ አይደለም። ሆኖም በእጇ የያዘችው መጥረጊያ እንጂ ዱላ አልነበረም። ስታገኘው ደግሞ ጎረቤቶቿን የጠራችው ለደስታ ነው፤ ቀድሞ የከሰሰችው ጎረቤት ቢኖር ኖሮ ጥሪው እንዴት ባለ ፊት ይቀበል እንደ ነበር አስቡት።

ስለ ደመወዝ ካነሣን፥ የድኻ ሠራተኛ ዋጋ ፀሐይ ሳትገባ በዕለቱ እንዲሰጥ ኦሪት አዝዛለች (ዘዳ. 24፥14-15)፤ ሐዋርያው ያዕቆብም የተቀማ ደመወዝ ራሱ ወደ ጌታ እንደሚጮኽ ጽፎአል (ያዕ. 5፥4)። ስለ ተሰበረ ጀበና ከአንዲት ልጅ ደመወዝ የሚቀነሰው ጥቂት ብር በዚህ ውስጥ አይቈጠርም የሚል ካለ ማስረጃውን ያምጣልን። ወላጆቻችንን መገሠጽ የእኛ ሥራ አይደለም፤ ነገር ግን «እማዬ፥ የዚህን ወር የጀበናውን ዋጋ ከእኔ ኪስ አድርጊው» ማለት የሚችል ተማሪ ከመካከላችን አይጠፋም።

አሁን ደግሞ በአንድ በምናውቀው ቤት የደረሰውን እናውጋችሁ። የቤቱ ልጅ ቤት ስታጸዳ ቡሃቃውን አጥባ ደፋችው። ለንጽሕና የሠራችው መልካም ሥራ ነው፤ ዳሩ ግን ለሚቀጥለው ሊጥ የተቀመጠው እርሾ አብሮ ተደፋ። ከሦስት ቀን በኋላ የእመቤታችን ማኅበር ተራ የእነርሱ ነበር። ሴቶች እኅቶቻችን እንደምታውቁት ያለ እርሾ የተቦካ ጤፍ በቀኑ አይደርስም፤ ሳይደርስ ደግሞ አብሲት ቢጣልለትም እንጀራው ዓይን አያወጣም። እናትየው ጣሳ አስይዘው ልጅቱን ወደ ጎረቤት ላኩ። የቅርቦቹ ሁለቱ ጎረቤቶች በዚያ ቀን እርሾ አልነበራቸውም። ያላቸው ሦስተኛዋ ብቻ ነበሩ፤ ከእርሳቸው ጋር ደግሞ በቦይ ውኃ ምክንያት ተኳርፈው ወራት አልፎ ነበር።

ልጅቱ ፈራ ተባ እያለች በሩን መታች። ሴትዮዋ ምንም ሳይናገሩ ጣሳውን ተቀብለው ገቡ፤ ሞልተውም መለሱላት። ከዚያ በኋላ ታላቅ ዕርቅ ወረደ ብለን ብንጽፍ ደስ ባለን፤ እንደዚያ ግን አልሆነም። የቦዩ ነገር እስከ ዛሬ አልለቀለትም። ሆኖም በማኅበሩ ቀን ከዚያ እንጀራ አንድ አገልግል ተልኮላቸዋል፥ በመንገድም «እንዴት አደሩ» መባባል ተጀምሮአል። ይህን ያህል መንገድ ያስኬደው አንድ የተደፋ እርሾ ነው።

እርሾን ማንም ከራሱ አይጀምረውም ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ቤት የመጣ ነው፥ የእናትም ከአያት የመጣ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ በእርሱ ያለው እምነት አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ እንደ ነበረ ያስታውሰዋል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። ሃይማኖታችንን ዩኒቨርሲቲ ገብተን በራሳችን አእምሮ ያገኘነው የሚመስለን ካለን ወደ እናታችን ቡሃቃ እንመልከት። እርግጥ ነው፥ በመጽሐፍ እርሾ የክፋት ምሳሌ ሆኖ የተነገረበት ቦታም አለ (1ኛ ቆሮ. 5፥6-8)፤ የቂም እርሾም ከቤት ወደ ቤት እንዲሁ በጣሳ ይዞራልና።

በመጨረሻ በእመቤታችን ቤት የደረሰውን እንመልከት። ከበዓለ ፋሲካ ሲመለሱ ሕፃኑ ጌታችን አብሮአቸው ያለ መስሎአቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ፤ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነበር (ሉቃ. 2፥42-48)። በዘመድና በሚያውቋቸው ዘንድ ፈለጉት፥ አላገኙትም፥ ወደ ኢየሩሳሌምም ተመለሱ፤ በሦስተኛው ቀን በቤተ መቅደስ አገኙት። እርሱስ በአባቱ ቤት ነበር እንጂ አልጠፋም። ነገር ግን በእነዚያ ቀኖች አረጋዊው ዮሴፍ እመቤታችንን «ከአንቺ ጋር አልነበረም ወይ?» ማለቱ፥ እርሷም «አንተ ነህ ያላየኸው» ማለቷ አልተጻፈም። የተጻፈው አብረው መፈለጋቸው ነው። ባገኙትም ጊዜ እመቤታችን የተናገረችው ስለ ራሷ ኀዘን ብቻ አልነበረም፤ የዮሴፍንም ጭንቀት ከራሷ አስቀድማ ጠራች።

ለመጪው እሑድ ውይይት እንዲረዳን እያንዳንዳችሁ በዚህ ሳምንት በቤታችሁ ዕቃ ሲሰበር፥ ሲፈስስ ወይም ሲጠፋ የተነገረውን የመጀመሪያ ቃል፥ ቃሉንም የሰማውን ሰው ፊት አስተውላችሁ በአጭሩ ጽፋችሁ አምጡ። የሰባሪው ስም አይጻፍ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።