ማዘርቦርዱ ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ ያው ነውን?

ገበሬ ማረሻው ሲያልቅ በሌላ ይተካዋል፤ ድግሩ ሲሰበር እንጨት ጠርቦ አዲስ ያበጃል፤ ሞፈሩም በተራው ይለወጣል። ከዓመታት በኋላ ከመጀመሪያው ዕቃ አንዳች ባይቀርም «ይህ ከአባቴ የወረስሁት ሞፈር ቀንበር ነው» ከማለት አይመለስም። እንዲህ ያለው የማንነት ጥያቄ ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ነበር። ዛሬ ግን ኮምፒዩተሩን ያስጠገነ ተማሪ ሁሉ ሊገጥመው የሚችል ተግባራዊ ጥያቄ ሆኗል።

የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ የኮምፒዩተሩን ማዘርቦርድ ያቃጠለበትን ተማሪ እናስብ። ማዘርቦርዱን አስለውጦ ኮምፒዩተሩን ሲያበራ ፋይሎቹ ሁሉ በቦታቸው አሉ፤ ነገር ግን በስክሪኑ የታችኛው ቀኝ ጠርዝ ዊንዶውስን አክቲቬት እንዲያደርግ የሚጠይቅ ጽሑፍ ተደቅኗል። ሃርድ ዲስኩ ያው፣ ፕሮግራሙም ያው ሆኖ ሳለ ትናንት የነበረው ፈቃድ ዛሬ ወዴት ሄደ? በዚህ ጽሑፍ አሠራሩን ከመነሻው እንመለከታለን፤ በመጨረሻም ሊደረግ የሚገባውን ጥንቃቄ እናመለክታለን።

ፈቃዱ የሚታሰረው ከምን ጋር ነው?

ሶፍትዌር ስንገዛ የምንገዛው የመጠቀም ፈቃድን እንጂ የፕሮግራሙን ባለቤትነት አይደለም። ቀድሞ የዚህ ፈቃድ ዋና ማረጋገጫ የምርት ቁልፍ የሚባለው የፊደላትና የቁጥሮች ስብስብ ነበር። አንዱን ቁልፍ በአሥር ኮምፒዩተሮች ላይ ቢጠቀሙበት የሚከለክል ዘዴ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ይህን ለወጠ። ቁልፉ ኮምፒዩተሩ ከተሠራባቸው ክፍሎች በተወሰደ «አሻራ» ጋር ተጣምሮ ለማይክሮሶፍት እንዲላክና እንዲጸድቅ አደረገ። አክቲቬሽን የሚባለው ይህ ነው። እንግዲህ ፈቃዱ የታሰረው ከተጠቃሚው ስም ወይም ከሃርድ ዲስኩ ጋር ብቻ ሳይሆን ከክፍሎቹ ድምር ጋር ነው።

አሻራው እንዴት ይወሰዳል?

አሻራው የክፍሎቹን መለያ ቁጥሮች እንዳሉ አይመዘግብም። እያንዳንዱን መለያ ሃሽ በሚባል ስሌት ያሳጥረዋል። ነገሩን ለማቅለል አንድ ምሳሌ እንውሰድ፦ 4821ን ለ97 ብናካፍል ቀሪው 68 ነው። 68 ብቻ የተነገረው ሰው የመጀመሪያውን ቁጥር ሊያውቅ አይችልም፤ 165ም 262ም ያንኑ ቀሪ ይሰጣሉና። እውነተኛው ስሌት ከዚህ የረቀቀ ቢሆንም ጠባዩ ይኸው ነው፦ ወደ ፊት መሄድ ቀላል፣ ወደ ኋላ መመለስ ግን የማይቻል።

የጀርመኑ ፉሊ ላይሰንስድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ ባደረገው ጥናት እንደታየው፣ በኤክስፒ ውስጥ የኔትወርክ ካርዱ አሻራ 10 ቢት፣ የሚሞሪው ደግሞ 3 ቢት ብቻ ነበር። 10 ቢት 1024 የተለያዩ እሴቶችን፣ 3 ቢት ደግሞ 8 እሴቶችን ብቻ ይይዛል። በፊዚክስ ቋንቋ ለመግለጽ፣ የመለኪያው ጥራት ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል ተደርጓል። በዓለም ላይ ተመሳሳይ እሴት ያላቸው ብዙ ካርዶች ስለሚኖሩ ከአሻራው ተነስቶ የካርዱን ትክክለኛ ቁጥር ማግኘት አይቻልም፤ ለውጥን ለመለየት ግን ይበቃል።

የድምፅ ቆጠራ

ኤክስፒ 10 ነገሮችን ይመረምር ነበር፦ የምስል ካርድ፣ የስካዚ መቆጣጠሪያ፣ የአይዲኢ መቆጣጠሪያ፣ የኔትወርክ ካርድ፣ የሚሞሪ መጠን፣ የፕሮሰሰር ዓይነት፣ የፕሮሰሰር መለያ ቁጥር፣ ሃርድ ዲስክ፣ የሃርድ ዲስኩ ቅርጸት ቁጥርና የሲዲ ማጫወቻ። ያልተለወጠ ክፍል አንድ የድጋፍ ድምፅ ይሰጣል፤ የኔትወርክ ካርዱ ግን ብቻውን 3 ድምፅ አለው። ስለዚህ ጠቅላላው ድምፅ 9 + 3 = 12 ሲሆን፣ ኮምፒዩተሩ «ያው ነው» ለመባል ቢያንስ 7 ያስፈልገዋል።

ሚሞሪ ብቻ የጨመረ ሰው 11 ድምፅ ስለሚቀረው ምንም አይገጥመውም። የኔትወርክና የምስል ካርዶቹ ከማዘርቦርዱ ጋር የተዋሐዱበትን ኮምፒዩተር ግን እንይ። ዓይነቱ የተለየ ማዘርቦርድ ሲገባ ኔትወርኩ 3፣ ምስሉ 1፣ የአይዲኢ መቆጣጠሪያው 1 ድምፅ ያሳጣሉ፤ ከአዲሱ ሰሌዳ ጋር እንዲስማማ የሚሞሪው መጠን ከተለወጠ ሌላ 1 ይጎድላል። 12 − 6 = 6። ባለቤቱ የለወጠው አንድ ሰሌዳና ሚሞሪውን ነው፤ ቆጣሪው ያየው ግን ሌላ ኮምፒዩተር ነው።

ዛሬስ?

የኤክስፒ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2014 አብቅቷል፤ መሠረታዊው ሐሳብ ግን አልተሻረም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2015 ከወጣው ዊንዶውስ 10 ወዲህ ብዙ ጊዜ ፈቃዱ በዲጂታል መልክ ከመሣሪያው አሻራ ጋር በማይክሮሶፍት ሰርቨሮች ላይ ይመዘገባል። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2016 ጀምሮም ይህን ፈቃድ ከማይክሮሶፍት አካውንት ጋር ማያያዝ ተችሏል። ይህ ትልቅ ማሻሻያ ነው፤ ማሽኑ ስለ ራሱ መመስከር ሲያቅተው ባለቤቱ ይመሰክርለታልና።

ይሁንና ሁሉም ፈቃድ አንድ አይደለም። በችርቻሮ የተገዛ ፈቃድ ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ሊዛወር ይችላል። ከአምራቹ ከኮምፒዩተሩ ጋር የመጣው ግን ከዚያው መሣሪያ ጋር ይኖራል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ከወጣው ዊንዶውስ 8 ወዲህም ቁልፉ ብዙውን ጊዜ በማዘርቦርዱ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ሰሌዳው ሲጣል አብሮ ይጣላል። ያም ሆኖ ማዘርቦርዱ የተለወጠው በብልሽት ምክንያት ከሆነና አምራቹ በሚያቀርበው ተመሳሳይ ወይም አቻ ሰሌዳ ከተተካ ፈቃዱ አይሻርም። ሦስተኛው ዓይነት ዩኒቨርሲቲዎችና መሥሪያ ቤቶች የሚገዙት የጅምላ ፈቃድ ነው። በተቋሙ ሰርቨር አማካይነት የጸደቀ ኮምፒዩተር በ180 ቀናት ውስጥ ፈቃዱን ማደስ አለበት፤ ተመርቆ ከግቢ የወጣ ተማሪ ላፕቶፑ ሳይነካ ፈቃዱ ቢቋረጥበት ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

ምን እናድርግ?

ኮምፒዩተሩን ከመፍታታችን በፊት በሴቲንግስ ውስጥ የአክቲቬሽንን ገጽ ከፍተን ፈቃዱ ከአካውንታችን ጋር መያያዙን እናረጋግጥ። የዊንዶውሱን ዓይነት፣ ሆም ወይም ፕሮ መሆኑን፣ እንመዝግብ፤ ፈቃዱ የሚሠራው ለዚያው ዓይነት ብቻ ነውና። ከተጠገነ በኋላ በዚያው አካውንት ገብተን፣ በአክቲቬሽን ገጽ ላይ ያለውን የችግር መፍቻ አስነስተን፣ ሃርድዌር በቅርቡ መለወጣችንን የሚገልጸውን ምርጫ እንምረጥ።

ከፈቃዱ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ነገርም አለ። በርካታ ዘመናዊ ላፕቶፖች ሃርድ ዲስካቸውን ቢትሎከር በሚባለው ዘዴ ይመሰጥራሉ፤ የምስጢሩ መክፈቻም በማዘርቦርዱ ላይ ካለ የደኅንነት ቺፕ ጋር የተያያዘ ነው። ሰሌዳው ሲለወጥ ኮምፒዩተሩ ባለ 48 አኃዝ የመመለሻ ቁልፍ ይጠይቃል። ያ ቁልፍ ከሌለና መጠባበቂያ ቅጂ ካልተያዘ የመመረቂያ ጽሑፍም ሆነ የቤተ ሙከራ ውጤት ዳግም አይገኝም። ስለዚህ ቁልፉን አስቀድመን በወረቀት እንገልብጥ፤ ፋይሎቻችንንም በሌላ ዲስክ እናስቀምጥ።

በአንጻሩ አክቲቬሽን ያልተደረገለት ዊንዶውስ ፋይሎችን አይቆልፍም፤ የስክሪኑን መልክ ከመለወጥ ይከለክላል፣ ማሳሰቢያውንም ይደቅናል። እንግዲህ መደንገጥና ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ለሚተላለፉት የፈቃድ መስበሪያ ፕሮግራሞች እጅ መስጠት አይገባም። እነዚህ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ቫይረስ ያዘሉ ናቸው፤ ከመሥራታቸው በፊትም ፀረ ቫይረሱን እንድናጠፋ ይጠይቁናል። በሀገራችንም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራም የቅጂ መብት ጥበቃ ተሰጥቶታል። ፈቃድ ለመግዛት አቅም የሚያጥረው ተማሪ አክቲቬሽን የማይጠይቀውን ሊኑክስን መጠቀም ይችላል።

ገበሬው ሞፈሩን የሚያውቀው በእጁና በትዝታው ነው። ማሽን ግን ማንነትን የሚያውቀው አስቀድሞ በተሰጠው መለኪያ ብቻ ነው። መለኪያውን ያወቀ ሰው ከመፍቻው በፊት መረጃውን ያሰናዳል።

መልመጃ፦ አንድ የኤክስፒ ኮምፒዩተር ለብቻው የተሰካ የኔትወርክ ካርድ አለው። ባለቤቱ የምስል ካርዱን፣ የሚሞሪውን መጠንና የሲዲ ማጫወቻውን ለወጠ። ዳግም አክቲቬሽን ይጠየቃልን? የኔትወርክ ካርዱንም ቢጨምርስ?

መልስ፦ በመጀመሪያው 12 − 3 = 9፤ አይጠየቅም። በሁለተኛው 12 − 6 = 6፤ ይጠየቃል።