«ሆሊ» እና «ሴክረድ»፦ የሁለት ቃላት ምንጭና ትርጉም



በእንግሊዝኛ የተዘጋጁ የትምህርተ ክርስቶስ መጻሕፍትን ስንገልጥ «ሆሊ» እና «ሴክረድ» የሚሉትን ሁለት ቅጽሎች ደጋግመን እናገኛለን። ሁለቱንም «ቅዱስ» ብለን እንተረጉማቸዋለን። ይህ ስሕተት ባይሆንም፣ ምንጫቸው የተለያየ ስለ ሆነ ልዩነታቸውን ማወቅ ይጠቅመናል።

«ሆሊ» ጥንታዊ የእንግሊዝኛ ቃል ነው። የቀድሞ መልኩ «ሃሊግ» ሲሆን፣ የወጣውም ሙሉ፣ ጤነኛ፣ ጉድለት የሌለበት ማለት ከሆነው «ሃል» ነው። ጤና ማለት የሆነው «ሄልዝ» እና መፈወስ ማለት የሆነው «ሂል» የዚሁ ዘመዶች ናቸው።

«ሴክረድ» ግን ከላቲን የተወረሰ ነው። ለአምላክ የተለየ ማለት ከሆነው «ሳኬር» ተነሥቶ፣ ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በነበሩት ዘመናት በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገባ። የቤተ ክርስቲያን ምሥጢራት የሚጠሩበት «ሳክራመንት» የተባለው ቃልም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

እንግዲህ «ሆሊ» በይበልጥ የባሕርይን ፍጹምነት፣ «ሴክረድ» ደግሞ ለእግዚአብሔር መለየትን ያመለክታል። እግዚአብሔር በባሕርዩ ቅዱስ ስለ ሆነ መንፈስ ቅዱስ «ሆሊ ስፒሪት» ይባላል፤ ጽዋው ግን ለአገልግሎት ስለ ተለየ «ሴክረድ» ነው። አነጋገሩ ሁልጊዜ በዚህ ወሰን አይጸናም፤ ጠበልን «ሆሊ ዎተር»፣ ልበ ኢየሱስን «ሴክረድ ሃርት» ይላሉና።

የእኛ «ቅዱስ» ከግእዙ «ቀደሰ» ወጥቶ ሁለቱንም ሐሳብ ያቅፋል። ቅዳሴ፣ ቤተ መቅደስና ንዋየ ቅድሳት የምንለውም ከዚሁ ነው። ስለዚህ ነገሩ ስለ ዕቃ ወይም ስለ ስፍራ ሲሆን «የተቀደሰ» ወይም «ለእግዚአብሔር የተለየ» ብሎ ማብራራት መልካም ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ ብቻ አይደለም። ሁለቱ ሐሳቦች ሳይለዩ ሲቀሩ ተማሪው ቅድስናን እንደ ንዋየ ቅድሳት በሣጥን የሚቀመጥ፣ ለካህናትና ለደናግል ብቻ የተሰጠ አድርጎ ያስባል። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጣው «ሉመን ጀንሲዩም» በተባለው ሰነድ 5ኛ ምዕራፍ ምእመናን ሁሉ ለቅድስና መጠራታቸውን አስተምሯል። ጽዋ ለእግዚአብሔር ይለያል እንጂ ማፍቀር አይችልም። የተጠመቀ ሰው ግን ለእግዚአብሔር ተለይቷል፤ በፍቅርም ወደ ሙሉነት እንዲያድግ ተጠርቷል። እናት በጓዳዋ፣ ገበሬ በእርሻው፣ ተማሪ በትምህርቱ ይህንኑ ጥሪ ይፈጽማሉ።

ስለዚህ፣ ውድ መምህራን፣ ልጆቹ የመሠዊያውን ዕቃ እንዲያከብሩ ስታስተምሩ፣ ቅድስና የእነርሱም ጥሪ መሆኑን አብራችሁ ንገሯቸው።