ከመለኪያው በታች የቀረ ስንኝ፦ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤት ቪዲዮዎችን ድምፅ ስለ መመጠን

በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ካዛንቺስ፣ ስሙን በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት የ‹ኢንቺስ› ቤቶች ያገኘ ሰፈር፣ ለብዙ ዓመታት በአዝማሪ ቤቶቹ ይታወቅ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የሰፈሩ ሰፊ ክፍል ለመልሶ ማልማት ሲነሣ፣ ከእነዚህ ቤቶች ስመ ጥር የሆነው ፈንድቃም ከቦታው ተነሥቷል። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ተባለው ለአጥኚ የቀረው ዋና ምስክር በካሜራና በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ነው። ስለዚህ አርታኢው በማቀናበሪያ ሶፍትዌሩ ላይ የሚወስነው የድምፅ ልክ፣ የጥናቱን ማስረጃ የሚነካ ውሳኔ ይሆናል።

በአዝማሪ ቤት ታዳሚው ‹ተቀበል!› ይላል፤ አዝማሪው ‹ምን ልቀበል?› ይላል፤ ስንኙ ይሰጠዋል፤ በማሲንቆው ተቀብሎ ያዜመዋል። ስንኝ ሰጪው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከማይክሮፎኑ ርቆ የተቀመጠ ሰው ነው። ድምፁ ደካማ ሆኖ ይቀረጻል፤ ወዲያው ጭብጨባ፣ ሣቅና ከበሮ ይከተሉታል። በደካማውና በብርቱው መካከል ያለው ርቀት እዚህ ላይ የተፈጥሮው ነው፤ ችግሩ መለኪያዎቹ ይህን ርቀት የሚያዩበት መንገድ ነው።

ብዙ አርታኢ የሚያየው የጫፍ መለኪያውን ነው። የዲጂታል ድምፅ ጣሪያ 0 ዴሲቤል ሲሆን፣ ከዚያ የሚያልፈው ሞገድ ይቆረጣል። አንድ የከበሮ ምት ወደ ጣሪያው ከተጠጋ አርታኢው ትራኩን በሙሉ ዝቅ ያደርጋል፤ ስንኙም አብሮ ይወርዳል። ለቅጽበት የሚቆይ ምት ግን ጫፉ ከፍ ቢልም ጆሮ በሚሰማው አማካይ ጉልህነት ላይ ያለው ድርሻ ትንሽ ነው። ይህን ለማረም ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2006 የጉልህነት መለኪያ አወጣ። የአውሮፓ ብሮድካስት ኅብረትም በ2010 ‹አር 128› በተባለው ምክረ ሐሳቡ የአንድን ፕሮግራም ጉልህነት −23 ሉፍስ፣ ከፍተኛውን ጫፍ −1 ዴሲቤል አደረገ። ፕሪሚየርና ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይህን መለኪያ ይዘዋል።

ይሁን እንጂ ይህም መለኪያ ለአዝማሪ ቤት የራሱ ወጥመድ አለው። የፕሮግራሙ ድምፅ በ400 ሚሊሰከንድ ቁራጮች ይለካል፤ ከአማካዩ ከ10 ዴሲቤል በላይ ዝቅ ያሉት ቁራጮች ከስሌቱ ይወጣሉ። ደንቡ የተበጀው ዝምታ ውጤቱን እንዳያዛባ ነው፤ ለዜናና ለድራማ ይበጃል። ዜማው −22፣ የታዳሚው ስንኝ −36 የሆነበትን ቅጂ እንውሰድ። የመግቢያው ደፍ −32 አካባቢ ስለሚሆን ስንኙ አይቆጠርም። አርታኢው 1 ዴሲቤል ቀንሶ −23 ላይ ሲደርስ ሶፍትዌሩ ‹ተስተካክሏል› ይለዋል፤ ስንኙ ግን በ−37 ላይ፣ ከዜማው 14 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይቀራል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ የጠፋው የንግግሩ ግማሽ ነው።

መፍትሔው ኮምፕሬሰር ይመስላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ደካማ ምርጫ ነው። በከበሮው የተቀሰቀሰ ኮምፕሬሰር ለመለቀቅ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ወዲያው የሚከተለውን የስንኝ መነሻ ይጫነዋል። ጸጥ ያለውን ሁሉ የሚዘጋ የድምፅ በር ደግሞ የባሰ ነው። ‹አለ› ሲላላ ‹ተናገረ›፣ ሲጠብቅ ‹ይገኛል› ይሆናል፤ ‹ገና›ም እንዲሁ በመጥበቅና በመላላት በዓልና ጊዜን ይለያል። የሰምና ወርቅ ቅኔ ብዙ ጊዜ በዚህ ልዩነት ላይ ይቆማል፤ ፊደላችን መጥበቅን ስለማያሳይ ማስረጃው ድምፁ ብቻ ነው። ከአናባቢው የሚደክመውን ተነባቢ የሚያሳጥር መሣሪያ ወርቁን ሊወስድ ይችላል።

የሚሻለው የእጅ ሥራ ነው፦ የስንኙን ቦታ በነጥብ ከልሎ፣ ለምሳሌ 8 ዴሲቤል ከፍ ማድረግ። የብርጭቆውና የክፍሉ ድምፅም እኩል ስለሚነሣ፣ መነሻና መድረሻው በግማሽ ሰከንድ ገደማ ቀስ ብሎ ቢለወጥ ዝላዩ አይሰማም። ስንኙ አሁን −29 ላይ ሆኖ ደፉን ስለሚያልፍ ወደ ስሌቱ ይገባል፤ አማካዩም በጥቂቱ ይወርዳል። መለኪያው እንደገና መታየት አለበት። ለዩቲዩብ ወደ −14 ሉፍስ መግፋት ሌላ ዋጋ አለው፦ በ−23 ጊዜ ጫፉ −6 የነበረ ቅጂ 9 ዴሲቤል ሲጨመርለት +3 ይሆናል፤ ወደ −1 ለመመለስ ሊሚተሩ 4 ዴሲቤል ከከበሮው ይበላል። ድረ ገጹ ከፍ ያለውን ስለሚቀንስ እንጂ ዝቅ ያለውን ስለማያነሣ ፈተናው ይገባል፤ ለጥናት መዝገብ ግን መገፋት አያስፈልገውም።

ክትትሉ በዓይን ብቻ አይፈጸምም። የማዳመጫው ድምፅ ከተወሰነበት ቦታ ሳይነቃነቅ መሰማት አለበት፤ አለዚያ አርታኢው ስንኙ ሲደክምበት ማዳመጫውን ከፍ አድርጎ የተስተካከለ ይመስለዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ልማድ ነው፤ ለአሥረኛ ጊዜ የሚሰማ ሰው ስንኙን በቃሉ ይዞታልና በየትኛውም ልክ ይሰማዋል። ቅጂውን ሰምቶ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ አንድ ጊዜ አድምጦ ስንኙን በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ማድረግ የሁሉም ቀላሉ ፈተና ነው። የጻፈው ከስንኝ ሰጪው ቃል ከራቀ፣ አርታኢው ወደ ነጥቦቹ ይመለሳል። ያልተነካው ዋና ቅጂ ከተደረጉት ለውጦች ዝርዝር ጋር ተለይቶ ይቀመጣል፤ የኋላ አጥኚ የ8 ዴሲቤሉን ጭማሪ ስንኝ ሰጪው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደ ተናገረ እንዳይወስደው።