ያነበብኩትን በየወሩ እንዴት ልመዝግብ?

ጥያቄ፦ የምሠራው ካዛንቺስ ነው። ጠዋትና ማታ ታክሲ ውስጥ አነባለሁ። ዓመቱ ሲያልቅ ግን የመጻሕፍቱን ርእስ እንኳ እዘነጋለሁ። መዝገብ ብይዝ ይጠቅመኛል? ምን ምንስ ልጻፍበት?
አንባቢ፣ ከቂርቆስ

መልስ፦ በእጅጉ ይጠቅምዎታል። አንድ ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ወር ሁለት ገጽ ይመድቡ። በግራው ገጽ ርእሱን፣ ደራሲውን፣ የታተመበትን ዓመት፣ ከየት እንዳገኙትና ያነበቡበትን ጊዜ ያስፍሩ። ለምሳሌ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር፣ ሐዲስ ዓለማየሁ፣ 1958 ዓ.ም.፣ ከጓደኛ በውሰት፣ ከጥቅምት 4 እስከ 21»። የኅትመት ዓመቱን አይዝለሉ፤ ይህ ልብ ወለድ ከ1966ቱ አብዮት ስምንት ዓመት ቀድሞ መውጣቱን ሲያውቁ፣ ገጸ ባሕርዩ ጉዱ ካሣ በፊውዳሉ ሥርዓት ላይ የሚሰነዝረው ትችት ይበልጥ ይከብዳል።

በቀኙ ገጽ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። «ደስ ይላል» ብለው አይለፉት። የትኛው ገጸ ባሕርይ ከታክሲ ከወረዱ በኋላም እንዳልለቀቀዎት፣ በየትኛው ሐሳብ እንዳልተስማሙ ከነገጹ ቁጥር ያስቀምጡ። ጀምረው የተዉትንም ከነምክንያቱ ይመዝግቡ፤ ምርጫዎን የሚያሳየው እሱም ነው። በብዛት ግን አይጨነቁ፤ በወር አንድ መጽሐፍ በጥሞና ካነበቡ በቂ ነው።

ጳጉሜን ለክለሳ ያውሏት። ያነበቡት ሁሉ ልብ ወለድ ሆኖ ካገኙት፣ ለመስከረም አንድ የታሪክ መጽሐፍ ወይም ግለ ታሪክ ያቅዱ። መጽሐፉ ከገበያ የጠፋ ከሆነ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት (ወመዘክር) ሄደው ይጠይቁ። መዝገቡን ለመጀመር አዲስ ዓመት አይጠብቁ፤ አሁን በእጅዎ ካለው መጽሐፍ ይጀምሩ።