የማይቋረጥ ትንሽ ስጦታ፦ የቤት ወጪን በመመጠን የየቲሞችን ድጋፍ ማዝለቅ

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

በመካነ ሰላም ከተማና በዙሪያዋ ባሉት ደጋማ ቀበሌዎች ልጆችን የምናስተምር ሰዎች ደጋግመን የምናስተውለው አንድ ነገር አለ። በጥር ወር ከጓደኞቹ ጋር ሲማር የነበረ የቲም በመስከረም ስሙ ሲጠራ ላይገኝ ይችላል። ምክንያቱ ሲጠየቅ ብዙውን ጊዜ የልጁ ስንፍና ወይም የእናቱ ቸልተኝነት ሆኖ አይገኝም፤ ደብተርና ልብስ የሚገዛበት ገንዘብ በሚያስፈልግበት ሰዓት መታጣቱ ነው። ስለዚህ የቲምን የሚያኖረው የስጦታው ትልቅነት ብቻ ሳይሆን አለመቋረጡ ነው እንላለን። ስጦታውን የማያቋርጠው ደግሞ በሰጪውም ሆነ በአሳዳጊው ቤት ያለው የዕለት ተዕለት የገንዘብ አያያዝ ነው።

ማባከን የማንን ድርሻ ይወስዳል?

ቁርኣን በሱረቱል ኢስራእ 26ኛ አንቀጽ ለዘመድ፣ ለድኻና ለመንገደኛ መብታቸው እንዲሰጥ ያዝዛል፤ በዚያው አንቀጽ ማባከንንም ይከለክላል። ሁለቱ ጎን ለጎን መምጣታቸው ትልቅ ትምህርት አለው። ያላግባብ የሚባክን ገንዘብ ብዙ ጊዜ የራሳችን ብቻ አይደለም፤ ለሌላው ሊደርስ የሚገባው ድርሻ አብሮት ይጠፋል። በሌላ በኩል ሱረቱል ፉርቃን በ67ኛ አንቀጹ የአላህ መልካም ባሮች ሲያወጡ ከማባከንም ከመሰሰትም የራቁ፣ መካከለኛውን የያዙ መሆናቸውን ይገልጻል። እንግዲህ መቆጠብ ማለት ልጆችን ማስራብ ወይም እንግዳን ፊት መንሳት አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ ማለትም ሁለት እጅ ተገጥሞ በሚይዘው ያህል ውሃ ዉዱእ ያደርጉ እንደነበር በሐዲሥ ተዘግቧል። ለዒባዳ የሚውል ውሃ እንኳ ከተመጠነ፣ ለድግስና ለወሬ የሚወጣው ገንዘብ ሳይመጠን ሊቀር አይገባም።

ለለጋሾች፦ ድርሻው ከሁሉ በፊት ይውጣ

ከሥራዎች ሁሉ አላህ ዘንድ ይበልጥ የሚወደደው ትንሽ ቢሆንም የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረዋል። የወሎ ሕዝብ ይህን ትምህርት በቅሬው ሲሠራበት ኖሯል። የቅሬ መዋጮ ከሌላው ወጪ የተረፈ ሲኖር የሚከፈል አይደለም፤ ቀድሞ ይታሰባል፣ ቀድሞ ይከፈላል። በመሆኑም ሐዘን በደረሰ ጊዜ ድንኳኑም ምግቡም ሰዉም ሳይጓደል ይገኛል። የየቲሙን ድርሻ በዚሁ መንገድ ብናወጣው ምን ይቸግረናል?

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። በቀን 10 ብር የምትለይ ቤት በወር 300 ብር ይኖራታል፤ በዓመት ደግሞ የጳጉሜን 5 ቀናት ተጨምረው 3,650 ብር ይሆናል። ይህን ያህል ገንዘብ በአንድ ቀን አውጣ ቢባል የሚጨነቅ ሰው በየቀኑ ሲያወጣው አይሰማውም። ከየት ይመጣል ለሚል ሰው መልሱ ከቤቱ ሳይወጣ ይገኛል። የተረፈው እንጀራ ከሚጣል ድርቆሽ ይሁን፤ የሞባይል ካርድና የጫት ወጪ ለአንድ ወር ይመዝገብ፤ ወደ ገበያ ሲወጣ የሚገዛው ነገር አስቀድሞ ይቆጠር። በተለይ ለሠርግ ተበድሮ መደገስ ሊታሰብበት ይገባል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሰላታቸው ውስጥ ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። የአንድ ቀን ድግስ ለዓመታት የሚቆይ ዕዳ ካስከተለ ደስታው ከበረካው ጋር ይሄዳል። ዕዳ የሌለበት ቤት ግን ሽሮ በልቶም በሰላም ይተኛል።

ለአሳዳጊ ቤተሰቦች፦ ጥርን ለመስከረም

ከቦረና እስከ ወግዲ፣ ከከለላ እስከ አማራ ሳይንት ያለው ገበሬ የሚያውቀው እውነት አለ። እህል ከአውድማ እንደገባ ዋጋው ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ይወደዳል። የደብተርና የልብስ ወጪ የሚመጣው እንግዲህ ጎተራው ባዶ በሆነበትና እህል በተወደደበት ጊዜ ማብቂያ ላይ ነው። ስለዚህ የመስከረም ወጪ በመስከረም ሳይሆን በጥር መታሰብ አለበት። ድጋፉ በደረሰ ቁጥር ጥቂቱ ለትምህርት ይለይ፤ የክረምቱ ቀለብ ዋጋው ሳይወጣ ይሸመት፤ ከነቀዝም ይጠበቅ። ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) በጥጋቡ ሰባት ዓመታት እህሉ ከነዛላው እንዲቀመጥ ማዘዛቸው በስማቸው በተጠራው ሱራ ተነግሯል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰውን ረሃብ የሚያስታውስ የወሎ ሰው ይህ ትምህርት ምን ማለት እንደሆነ ማስረጃ አይጠይቅም።

ስለ የቲሞች ገንዘብ የሚያስጠነቅቁ አንቀጾች በወረዱ ጊዜ ሶሓባዎች ፈርተው የየቲሙን ምግብ ከራሳቸው ለይተው ነበር፤ ልጁ ያስተረፈውም እስኪበላሽ ይቀመጥ ጀመር። ነገሩ ከብዷቸው ሲጠይቁ የሱረቱል በቀራህ 220ኛ አንቀጽ ወረደ፤ ማዕዱን መቀላቀልም ተፈቀደ። እንግዲህ የቲሙ ከቤቱ ልጆች ጋር ከአንድ ትሪ ይብላ፤ ገንዘቡ ግን በጽሑፍ ተለይቶ ይታወቅ። አንድ ደብተር ይበቃል፦ የገባው፣ የወጣው፣ ቀኑ። አሳዳጊው መጻፍ የማይችል ከሆነ ማንበብና መጻፍ የሚችል ልጅ ይጻፍለት፤ የሚጽፈው ልጅም በዚያው ይማራል።

የሚተርፍ ገንዘብ ያለው ደግሞ ዝም ብሎ አያስቀምጠው። ዋጋ እየናረ በሄደ ቁጥር የተቀመጠ ብር አቅሙ ይቀንሳል። ሰይዱና ዑመር (ረ.ዐ.) የየቲሞችን ገንዘብ ዘካ እንዳይጨርሰው ይነገድበት ዘንድ ማሳሰባቸው ተዘግቧል። በደጋው ለአንድ የቲም ስም የተገዛች እናት በግ አምስት ወር ገደማ አርግዛ ትወልዳለች፤ ግልገሏም የልጁ ናት። በጥሬው መያዝ ያለበትን ገንዘብ ከወለድ ነፃ በሆነ ሒሳብ ማኖር ይቻላል። ብዙ የሀገራችን ባንኮች ይህን አገልግሎት ይሰጣሉ፤ በ2013 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ዘምዘም ባንክም ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ የተቋቋመ ነው።

በመጨረሻም የሱረቱን ኒሳእ 6ኛ አንቀጽ እናስታውስ። አሳዳጊዎች የቲሞችን ለጋብቻ እስኪደርሱ እንዲፈትኗቸው፣ ብስለት ሲያዩባቸው ገንዘባቸውን እንዲያስረክቧቸውና በርክክቡ ጊዜ ምስክር እንዲያቆሙ ያዝዛል። ፈተናው የሚጀምረው ከትንሹ ነው። ልጁ ጨውና ሳሙና እንዲገዛ ይላክ፤ መልሱን ቆጥሮ ያስረክብ፤ በሬዋ ወይም በበጉ ዋጋ ሲደራደሩ አጠገብ ይቁም። ገንዘብ መያዝ ሳይማር ያደገ ልጅ የተጠበቀለትን ሁሉ በአንድ ዓመት ሊጨርሰው ይችላል። የተማረ ግን ነገ ራሱ ሰጪ ይሆናል፤ የድጋፋችንም ፍሬ ይህ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) በሲሳያችን በረካ ያድርግልን፤ የየቲሞችን አማና በንጽሕና የምንወጣ ያድርገን። አሚን።