መጠጥ መተውን እንዴት እንጀምራለን?

በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ ባለው ደጋ አገር፣ በክርስቲያኑ ቤት ጠላ ያልተጠመቀበት ሠርግ ወይም ጠላ ያልቀረበበት ማኅበር ማየት ብርቅ ነው። ጠላን አሳምሮ መጥመቅ የባልትና ክብር ነው፤ አረቄ ማውጣትም የብዙ እናቶች የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ በዚህ ወር ጽሑፋችን ጠማቂዎችን ለመንቀፍ ወይም እንግዳ መቀበልን ለማቃለል አልተነሣንም። የምንጽፈው «መተዉንስ እፈልጋለሁ፤ ነገር ግን ከየት ልጀምር?» እያለ በልቡ ለሚጠይቅ ሰውና አብሮት ለሚጨነቀው ቤተ ሰቡ ነው።

ብዙዎች የዚህ ጥያቄ መልስ «ቆርጦ መነሣት ነው» ይላሉ። ዳሩ ግን ለዓመታት በየቀኑ ሲጠጣ ለኖረ ሰው ቆርጦ መነሣት ብቻውን አይበቃም፤ አካሄዱ ካልታወቀበትም ሕይወትን እስከ ማሳጣት ይደርሳል። በተለይ ልናስረዳ የምንወደው ይህን ነው።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው እንዲህ ነው። ማለዳ አረቄ ሳይቀምስ ከቤት የማይወጣ ሰው አንድ ቀን ይጸጸትና፣ ስለት ተስሎ ወይም የዐቢይ ጾምን መግቢያ ጠብቆ «ከእንግዲህ አንድ መለኪያ አልቀምስም» ይላል። ቃሉ የእውነት ነው። በማግሥቱ ግን እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ላብ ያጠምቀዋል፤ እንቅልፍ ያጣል። በሦስተኛው ቀን በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር ሲሄድ ያያል፤ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። ቤተ ሰቡ «ለክፎት ነው» ብሎ ያስረዋል፤ ጎረቤቱም «እንዲህ ከምትሆን ትንሽ ቅመስ» ብሎ መለኪያውን መልሶ ያቀርብለታል። ሁለቱም ይህን የሚያደርጉት አዝነውለት ነው፤ ሁለቱም ግን ተሳስተዋል። ይህ ሰው ፈጥኖ መታከም የሚገባው ሕመምተኛ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው?

የአልኮል ጠባይ አንጎልን ማደንዘዝ ነው። በየቀኑ የሚደነዝዝ አንጎል ሥራውን ላለማቋረጥ ሲል ራሱን ከወትሮው አብልጦ ማንቃትን ይለምዳል። መጠጡ በድንገት ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይወገዳል፤ የማንቃቱ ኃይል ግን እንደ በረታ ይቀራል። በሙሉ ጉልበቱ የሚጎትት በሬ ምራኑ በድንገት ሲበጠስ ወደ ፊት እንደሚደፋ፣ የጠጪውም ሰውነት እንዲሁ ይሆናል።

ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓቶች ውስጥ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና የልብ ትርታ መፍጠን ይታያሉ። እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዱን ሰው የሚጥል በሽታን የመሰለ መንዘፍዘፍ ይይዘዋል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ባለው ጊዜ ደግሞ ከሁሉ የከፋው፣ ማለት ትኩሳትና ቅዠት ያለበት መቃወስ ሊመጣ ይችላል። ይህ ሳይታከም ከቀረ ይገድላል።

በውጭ አገር ትምህርታችንን በተከታተልንበት ዘመን እንደዚህ ያሉ ሕመምተኞች መብራት በርቶላቸው፣ አስታማሚ አጠገባቸው ተቀምጦ ሲያድሩ አይተናል። ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላም ይኸው ሕመም የያዘው ሰው በገመድ ታስሮ፣ በቃሬዛ ተጭኖ፣ ከአራት ቀን በኋላ ሲደርስ አይተናል። በሽታው አንድ ነው፤ የሁለቱን ዕጣ የለየው የደረሱበት ሰዓት ነበር።

ራስን መመርመር

ይህ አደጋ በጠጪ ሁሉ ላይ አይደርስም። በሰንበቴ አንድ ሁለት ጣሳ ጠላ የሚጠጣ ሰው ዛሬውኑ ቢተው በሰውነቱ ላይ ክፉ ነገር አይመጣበትም። ስለዚህ መተው የሚሻ ሰው አስቀድሞ ራሱን እንዲህ ብሎ ይጠይቅ።

1ኛ/ መጠጤን መቀነስ አለብኝ ብዬ አስቤ አውቃለሁን?
2ኛ/ ሰዎች ስለ መጠጤ ሲናገሩኝ ተቆጥቼ አውቃለሁን?
3ኛ/ ስለ መጠጣቴ አፍሬ ወይም ተጸጽቼ አውቃለሁን?
4ኛ/ ጠዋት ስነሣ እጄን ለማጽናት ወይም ራሴን ለማነቃቃት ጠጥቼ አውቃለሁን?

ከእነዚህ ለሁለቱ «አዎን» ብሎ የመለሰ ሰው የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባዋል። ለአራተኛው «አዎን» ያለ ሰው፣ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው፣ እንዲሁም ቀድሞ መጠጥ ሲያቋርጥ የተንዘፈዘፈ ወይም የቃዠ ሰው ግን ብቻውን በድንገት ማቋረጥ የለበትም።

የመጀመሪያው ሳምንት

አንደኛ፣ መጠኑን መቁጠር ነው። ጠላ እንደ አጠማመቁ ከመቶ 2 እስከ 6 ያህል አልኮል ሲኖረው፣ አረቄ 40 ገደማና ከዚያም በላይ ሊኖረው ይችላል። «የምጠጣው ጥቂት ነው» የሚለው ሰው የሚጠጣው አረቄ ከሆነ ጥቂቱ ብዙ ነው። የተቆጠረውም ለሐኪሙ ሳይሸሸግ ይነገር፤ ሐኪሙ የሚጠይቀው ለመክሰስ ሳይሆን የመድኃኒቱን ልክ ለመወሰን ነው።

ሁለተኛ፣ ለአንድ ሰው መንገር ነው። ሚስት፣ ወንድም፣ የነፍስ አባት ወይም የልብ ጓደኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ሰው በመጀመሪያዎቹ አምስት ቀኖች ከአጠገቡ የማይለይ ይሁን።

ሦስተኛ፣ ቀን መምረጥ ነው። ቀኑ ከድግስና ከገበያ የራቀ፣ የጤና ባለሙያም የሚገኝበት ይሁን።

አራተኛ፣ ከተመረጠው ቀን በፊት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በመካነ ሰላም ወዳለው ሆስፒታል መሄድ ነው። ባለሙያው አስፈላጊ ሆኖ ሲያገኘው አንጎልን የሚያረጋጋ እንደ ዳያዜፓም ያለ መድኃኒት በልክ ሰጥቶ በየቀኑ እየቀነሰ ያቆማል። ይህን መድኃኒት ራስ ገዝቶ መዋጥ፣ ይልቁንም ከአረቄ ጋር መቀላቀል፣ እስትንፋስን ያቋርጣል። ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ቪታሚን ቢ 1 ስለሚጎድለውና ጉድለቱም አንጎልን ስለሚጎዳ እርሱም ይሰጠዋል።

መንገዱ ገደል፣ ወራቱም ክረምት ሆኖ ወዲያው መድረስ የማይቻል ቢሆን፣ በየቀኑ የሚጠጣው ሰው መጠኑን በድንገት ከማቋረጥ ይልቅ በጤና ባለሙያ ምክር በየቀኑ ጥቂት በጥቂት ይቀንስ። ነገር ግን መንዘፍዘፍ ወይም ቅዠት የጀመረው ሰው በቤት አይቆይ፤ በማናቸውም መንገድ ይወሰድ። ሲንዘፈዘፍ በጎኑ ያስተኙት፤ በአፉም ምንም አይጨምሩበት። ሲቃዥ አይሰሩት፤ መብራት አብርተው፣ በዝግታ እያነጋገሩ ያጓጉዙት።

ስለ ጾምና ስለ ጠበልም የምንለው አለን። እምነቱ የሚመራው ሰው ጠበሉንም ይጠመቅ፤ መድኃኒቱንም ይዋጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። በመጀመሪያው ሳምንት ግን በባዶ ሆድ መዋል ስለሚጎዳ የነፍስ አባቱን አማክሮ ገንፎውንና ወጡን ይብላ፤ ውሃም አብዝቶ ይጠጣ።

ስለ ብርድና ስለ ማኅበር

የደጋው ብርድ ብርቱ ስለ ሆነ «አረቄ ብርድ ያባርራል» ይባላል። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። አልኮል በቆዳ ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ቆዳው ይሞቃል፤ የውስጡ ሙቀት ግን በዚያው ይወጣል። ስለዚህ ጠጥቶ በውርጭ የሚያድር ሰው ከሌላው ይልቅ ይጎዳል። «ጥቂቱስ ለጤና ይበጃል» ለሚሉትም፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ለጤና ጠንቅ የሌለው የአልኮል መጠን እንደሌለ ማስታወቁን እንገልጻለን።

ሰውነት ከዳነ በኋላ የሚቀረው ፈተና የማኅበሩ ጽዋ ነው። በዚህ ረገድ ወሎ ለሌላው አገር የሚተርፍ መልካም ልማድ አላት። ክርስቲያን ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቱ ብርዝ ወይም ከሪቦ ለይቶ ያዘጋጃል፤ በዚያም የሚያፍር የለም። መጠጥ የተወው ሰውም ከዚያው ማሰሮ ቢቀዳለት እንግድነቱ አይጓደልም። ሆኖም ብርዝም ሆነ ከሪቦ ሲቆይ ስለሚፈላ አዲስ የተዘጋጀው ይቀዳለት። ባለ ድግሱም «በሞቴ» እያለ አያስጨንቀው። አንድ ጊዜ እምቢ ያለን ሰው ሁለተኛ አለመለመን እርዳታ ነው።

ማኅበሩ ራሱ መድኃኒት ሊሆን ይችላል። በ1935 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ አገር፣ በአክሮን ከተማ፣ መጠጥ ያሸነፋቸው ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው ሐኪም፣ እየተገናኙ ችግራቸውን ሳይሸሽጉ መነጋገር ጀመሩ። ከዚያም የተነሣው ማኅበር በብዙ አገሮች ተስፋፋ። በየወሩ ተሰብስቦ የታመመውን መጠየቅና የተቸገረውን መርዳት ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሦስት አራት ሆነው መጠጥ የተዉ ሰዎች በቡና ላይ ቢሰበሰቡ ይኸው ይበቃቸዋል።

ከተወ በኋላ የወደቀ ሰው ቢኖር ቤተ ሰቡ «ድሮም አልተወም» ብሎ አይፍረድበት። መውደቅ ብዙ ጊዜ የሕመሙ ክፍል ነው፤ ከወደቁ በኋላ መጽናትም የተለመደ ነው። ብቻ እንደ ገና ሲጀምር፣ ለዳግመኛ የሚያቋርጥ ሰው ሕመሙ ከፊተኛው ሊብስበት ስለሚችል፣ እንደ መጀመሪያው ባለሙያ ያማክር።

እንግዲህ መተው ያሰበ ሰው በዚህ ሳምንት ሦስት ነገር ብቻ እንዲያደርግ እናሳስባለን፦ የሚጠጣውን ይቁጠር፤ ለአንድ ሰው ይንገር፤ የመጨረሻውን መለኪያ ከማስቀመጡ አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ዘንድ ይድረስ።