ስለ ማድያትና ፊት ያጠራሉ ስለሚባሉ ቅባቶች

በዓለም ከተማና በዙሪያዋ፣ በመርሐቤቴ፣ በመንዝና በግሼ የምትኖሩ እናቶችና እኅቶች! በጉንጭ፣ በግንባር፣ በአፍንጫና ከላይኛው ከንፈር በላይ ስለሚወጣው፣ በአገራችን አጠራር ማድያት ስለሚባለው ጥቁር ምልክት በዚህ ወር ትምህርታችን ልንገልጽላችሁ አስበናል። ይህን ርእስ የመረጥነው ማድያት ሰውን የሚገድል ወይም ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፍ በሽታ ስለ ሆነ አይደለም፤ ማድያትን ለማጥፋት ተብሎ ከየገበያው የሚገዛው ቅባት ከማድያቱ ይልቅ የከፋ ጉዳት ሊያደርስ ስለሚችል ነው።

በቆዳችን ውስጥ ሜላኒን የሚባል ቀለም የሚያመነጩ ጥቃቅን ሕዋሳት አሉ። ይህ ቀለም የፀሐይን ጨረር እየመጠጠ ሰውነትን ከቃጠሎ የሚከላከል የተፈጥሮ ጃንጥላ ነው። እነዚህ ሕዋሳት በፊት ላይ በአንዳንድ ሥፍራ ከልክ በላይ ሲሠሩ ማድያት ይታያል። ለዚህም ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች የፀሐይ ጨረር፣ እርግዝና፣ የወሊድ መከላከያ እንክብልና የዘር ውርስ ናቸው። በእርግዝና ጊዜ የወጣው ከወሊድ በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ብዙ ጊዜ እየደበዘዘ ይሄዳልና ነፍሰ ጡር ሴት መቸኮል አይገባትም። እንክብሉንም ቢሆን ሐኪም ሳያማክሩ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ተገቢ አይደለም።

የደጋ ሰው ብርዱ ያታልለዋል። ነፋሱ ቀዝቃዛ ስለ ሆነ ፀሐዩ ደካማ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ከባሕር ወለል 1,000 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ቆዳን የሚያጠቁረው ጨረር ከመቶ 10 እጅ ያህል ይጨምራል። ዓለም ከተማ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት፤ የመንዝዋ መሐል ሜዳም ወደ 3,000 ሜትር ትጠጋለች። ስለዚህ በውርጭ ማለዳ ጋቢ ደርባ ወደ ገበያ የወጣች እኅት እኩለ ቀን ላይ የሚያገኛት ጨረር በቆላው ካለችው ይልቅ የበረታ ሊሆን ይችላል። በምጣድ ፊት ለፊት ረዥም ሰዓት መቀመጥም፣ ወላፈኑ ፊትን ስለሚያግል፣ ማድያትን ሊያብስ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች ሎሚ ጨምቀው ወይም ጤና አዳም ቀጥቅጠው ፊታቸውን ይቀባሉ። ጤና አዳም በቡና ውስጥ መልካም ነው፤ በፊት ላይ ግን መልካም አይደለም። ሁለቱም ተክሎች ከፀሐይ ጨረር ጋር ሲገናኙ ቆዳን የሚያቃጥል ንጥረ ነገር አላቸው። በመጀመሪያ ቆዳው ይቀላል፣ ውኃ ይቋጥራል፤ ከዚያም ለወራት የሚቆይ ጥቁር ጠባሳ ይተዋል።

ወደ ገበያው ቅባት እንመለስ። ብዙ ጊዜ የሚያሳስቡን ንጥረ ነገሮች ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሜርኩሪ፣ ማለት ባዜቃ ነው። ይህ መርዝ በቆዳ አልፎ ወደ ደም ይገባል፤ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። የሚጎዳውም የተቀባችውን ብቻ አይደለም፤ ሕፃን የእናቱን ጉንጭ ዳስሶ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ መርዙ ያገኘዋል። በ2013 እ.ኤ.አ. በጃፓን አገር የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት፣ በኋላ በተደረገበት ማሻሻያ፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ ከ2025 እ.ኤ.አ. በኋላ እንዳይመረትና ከአገር ወደ አገር እንዳይዘዋወር ደንግጓል። ሆኖም በድብቅ የሚሸጠው አልቀረም። በማሸጊያው ላይ «ካሎሜል» ወይም «ሜርኩሪክ» የሚል ቃል ካለ፣ ወይም ቅባቱ ብርና ወርቅ እንዳይነካ የሚያሳስብ ጽሑፍ ካገኛችሁ አትግዙት። የንጥረ ነገሩ ስም ያልተጻፈበትን ቅባት ግን ከሁሉ በፊት ተጠንቀቁት።

ሁለተኛው እንደ ክሎቤታሶልና ቤታሜታዞን ያለው ኀይለኛ ስቴሮይድ ነው። ይህ ለሌላ የቆዳ በሽታ በሐኪም ትእዛዝ ለጥቂት ጊዜ የሚሰጥ መድኃኒት እንጂ የፊት ቅባት አይደለም። አታላይነቱም በዚህ ላይ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ፊትን ያለሰልሳል፣ ያቀላል፣ ጎረቤትም ያደንቃል። ቆይቶ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ፣ ብጉርና ጠጕር ይበቅላል። ሲያቆሙት ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ይለበልባል፤ ያች ሴት ማቃጠሉን ለማብረድ እንደ ገና ትቀባለች፤ እንዲህ እያለች ከቅባቱ መለየት ያቅታታል።

ሦስተኛው ሃይድሮኪኖን ነው። ስለ እርሱ ፍርዳችን ከሁለቱ ይለያል፤ በሥርዓት ከተያዘ በእውነት መድኃኒት ነውና። ሐኪም ከመቶ 2 እስከ 4 እጅ የሆነውን ያዝዛል፤ ማታ ማታ፣ በማድያቱ ላይ ብቻ፣ በስሱ ይቀባል። አስቀድሞ በክንድ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥቂት ቀናት መሞከር ይገባል። ለውጡ የሚታየው ከስምንት እስከ ዐሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያም ሐኪም አይቶ ያስቆማል ወይም ይለውጣል። ቀለሙ ወደ ቡናማ የተለወጠ ቅባት ተበላሽቷልና አይቀባም። ነፍሰ ጡር ሴት አትጠቀምበትም። ለዓመታት ያለ ሐኪም ቢቀቡት የሚሆነውን የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች በ1975 እ.ኤ.አ. ገልጸውታል፤ ሊነጣ የተቀባው ፊት ሰማያዊ ጥላ ያለበት ጥቁረት ያበጀ ሲሆን፣ ይህም ለማዳን እጅግ የሚያስቸግር ነው።

ከሃይድሮኪኖን ሌላ አዜላይክ አሲድ አለ። ከመቶ 15 እስከ 20 እጅ የሆነው ቅባት ለማድያት ይረዳል፤ በእርግዝና ጊዜም ሐኪም ሊያዝዘው ይችላል። ይህ ንጥረ ነገር በተፈጥሮ በገብስና በስንዴ ውስጥ ይገኛል፤ ስለዚህ የገብስ ሊጥ ፊታችንን ብንቀባ ይበቃል የሚል ሰው እንዳይኖር እንለምናለን፤ በእህሉ ውስጥ ያለው እጅግ ጥቂት ነውና።

ማናቸውም መድኃኒት ቢሆን ፀሐይን ካልተከላከሉ ድካሙ ከንቱ ይሆናል። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጃንጥላ መያዝ ወይም ሰፊ ባርኔጣ መድፋት ይገባል። ስስ ነጠላ ብርሃን ያሳልፋልና ዐጥፎ መከናነብ ይሻላል። የፀሐይ መከላከያ ቅባት ለመግዛት የሚችል ቁጥሩ 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ቢቻል የቆዳ ቀለም ያለውን መርጦ፣ ውጭ ሲውል በየሁለት ሰዓቱ ይቀባ።

ጠይም ሆኖ መወለድ በሽታ ስላልሆነ ከላይ የተናገርነው ሕክምና ሁሉ ለማድያት ብቻ ነው። በፊት ላይ የወጣ ምልክት ሁሉም ማድያት አይደለም፤ ነጣ ወይም ቀላ ያለና ሲነካ የማይሰማ ከሆነ የሥጋ ደዌ መጀመሪያ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

ስሙን የማታውቁትን ቅባት ስትቀቡ የቆያችሁም አትፈሩ፣ አትፈሩም ዘንድ አትደብቁ። ሜርኩሪ አለበት ብላችሁ የምትጠረጥሩትን ዛሬውኑ አቁሙ፤ ስቴሮይድ ለብዙ ጊዜ የተቀባችሁ ግን አቋቋሙን ሐኪም እንዲመራችሁ ፈጥናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም በዓለም ከተማ ወዳለው እናት ሆስፒታል ሂዱ። ዕቃውን ወደ ምድጃ አትጣሉት፤ ሜርኩሪ ካለበት እንፋሎቱ ቤተ ሰቡን ሁሉ ይመርዛል። በፌስታል አጥብቃችሁ ቋጥሩና ክዳኑንና ወረቀቱን ሳትለዩ ለሐኪሙ ይዛችሁለት ሂዱ።